የአምሃ እሸቴን ሸክላዎች ወደ ዲጂታል መገልበጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ቆጠራና ስሌት

የሙዚቃ ፕሮዲዩሰሩ የአምሃ እሸቴ አሳታሚ ድርጅት፣ አምሃ ሪከርድስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975 ድረስ 103 ነጠላ ሸክላና 12 ያህል ኤልፒ (ብዙ ዘፈን የሚይዝ ትልቅ ሸክላ) እንዳወጣ ነው በተለምዶ የሚጠቀሰው። እዚህ የቀረበው ስብስብ የዚያ ከፊሉ ብቻ ነው። ስሌቱ ግን ለሙሉው ተሠራ፤ የጎደለው ሲገኝ አሠራሩን እንደገና መንደፍ እንዳያስፈልግ።

103 ነጠላ 206 ገጽ ነው። ገጹን 4 ደቂቃ ብንይዝ 824 ደቂቃ፤ ኤልፒው 40 ደቂቃ ቢሆን 480። በድምሩ 1,304 ደቂቃ፣ 22 ሰዓት አይሞላም። በ96 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ በሁለት ቻናል የተቀዳ አንድ ደቂቃ 34.56 ሜጋባይት ስለሚይዝ ጠቅላላው 45 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ በሦስት ቅጂ 135። ይህ ትንሽ ፍላሽ ላይ የሚያልቅ ነገር ነው። የሚበላው ጊዜ ነው። ለ4 ደቂቃ ሙዚቃ ማጠቡ፣ ማድረቁ፣ መርፌ መምረጡ፣ መቅዳቱ፣ ፎቶውና መዝገቡ ተደምሮ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ገንዘብ የሚወጣባቸው መርፌና ለየሸክላው የሚገዛ አዲስ የውስጥ ከረጢት ናቸው። የድሮው የወረቀት ከረጢት ግን አይጣልም፤ የሱቅ ማህተም ወይም የእጅ ጽሑፍ ካለበት እሱም ፎቶ ይነሳል።

ወረቀቱ ላይ ይህን ያህል የምንጨነቅበት ምክንያት አለ። በአንድ ሸክላ ላይ ዘፋኙ ይሰማል፣ አቀናባሪውም ይሰማል፤ ፕሮዲዩሰሩ አይሰማም። የትኛው ባንድ ማንን ያጅብ፣ የትኛው ዘፈን በመጀመሪያው ገጽ ይውጣ፣ ቴፑ ለህትመት ወዴት ይላክ የሚሉት የአምሃ ውሳኔዎች ዛሬ የሚነበቡት ከሌብሉ (መሃሉ ላይ ከተለጠፈው ክብ ወረቀት)፣ በሸክላው ላይ ከተቀረጸው የማትሪክስ ቁጥር (የህትመት መለያ) እና ከህትመቱ ጥራት ነው። ስለዚህ ድምፁ የሚያገኘውን ጥንቃቄ ሌብሉም ማግኘት አለበት።

ለመነሻ የሚሆን ያህል፦ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። አምሃ ሙዚቃ ቤት ከፍቶ ሲነግድ ቆይቶ፣ በ1969 ድንጋጌውን ወደ ጎን ትቶ በዘፋኙ አለማየሁ እሸቴ ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ህትመቱ የሚሠራው ውጭ አገር ነበር። ስለዚህ አዲስ አበባ የተቀዳ ድምፅ በሩቅ ፋብሪካ በኩል ዞሮ ነው የተመለሰው፤ ከታች የሚመጡት ብዙ ችግሮች ግማሾቹ ከዚያ ጉዞ የተወለዱ ናቸው።

ሳምንት 2፦ እጥበት

ከመታጠቡ በፊት ሸክላው ከምን እንደተሠራ ይለያል። ቪኒል ለስለስ ይላል፤ ጫፉ በጥፍር ሲመታ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ፖሊስታይሪን ደረቅ ነው፣ ጠንከር ያለ "ቀጭ" ይላል። አልኮል ፖሊስታይሪንን ሊጎዳ ስለሚችል ከናካቴው ከዝርዝሩ ወጣ፤ ሁለት ጠርሙስ ካለ አንድ ቀን መሳሳቱ አይቀርም።

ፈሳሹ፦ 1 ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 5 ሚሊ ሊትር ፎቶ-ፍሎ (ውሃው ጠብታ ሳይተው እንዲወርድ የሚያደርግ የፎቶ ማጠቢያ)። ይህ ፎቶ አጣቢዎች የሚያውቁት 1 ለ200 ነው። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ ሲደርቅ የሚተወው ማዕድን ድምፁ በተቀረጸበት ቀጭን ቦይ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይቀርና መርፌው ሲያልፍበት ይንጣጣል። ብሩሹ የሚሄደው በቦዩ አቅጣጫ ክብ ክቡን ነው፤ አቋርጦ መፋቅ ቆሻሻውን ወደ ጎን ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም። ከዚያ በንጹህ የተጣራ ውሃ ሁለቴ ይለቀለቃል። ሁለተኛው ልቅለቃ ከተዘለለ የፎቶ-ፍሎው ትርፍ መርፌው ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ በገጹ መጨረሻ ላይ ድምፁ ይደፈናል። ምልክቱ ይኸው ነው፦ መጀመሪያው ጥርት ያለ፣ መጨረሻው የታፈነ።

ሌብሉ ውሃ ከነካው ቀለሙ ይለቅቃል። ከሌብሉ ጥቂት የሚሰፉ ሁለት የጎማ ክቦች በላይና በታች ተደርገው በብሎን ይታሰራሉ። ብሎኑ ሲላላ ውሃ በመሃል ቀዳዳ በኩል ይገባል፤ ስለዚህ አዲስ ጎማ መጀመሪያ የሚፈተነው ዋጋ በሌለው ሸክላ ላይ ነው። ሌብል ላይ የተለጠፈ ፕላስተር አይነሳም። ሲነሳ ጽሑፉን ይዞት ይሄዳል።

ሻጋታ ያለበት ሸክላ (ነጭ ነጥብ ነጥብ የሚል) ለብቻው ይታጠባል፣ ብሩሹም ለብቻ ይሆናል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል። ማድረቂያው ሳህን መደርደሪያ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በጨርቅ አይታሸም።

ሳምንት 3፦ ማጫወቻውና ፍጥነቱ

በቀበቶ የሚዞሩና በተለዋጭ ኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠሩ ማጫወቻዎች ፍጥነታቸውን የሚወስዱት ከመብራቱ ፍሪኩዌንሲ ነው። መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ፣ ጄኔሬተሩ 50 ኸርዝ መሆኑ ቀርቶ 51 ከሰጠ ሙዚቃው 2 በመቶ ይፈጥናል፤ ይህ በድምፅ ከፍታ መለኪያ 34 ሴንት ነው፣ ከግማሽ ቶን አንድ ሦስተኛው። ማንም አያስተውለውም፣ ፋይሉ ግን ለዘላለም ስህተት ይሆናል። ስለዚህ በኳርትዝ የሚቆጣጠር ዳይሬክት ድራይቭ (ያለ ቀበቶ ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው) ማጫወቻ ተመረጠ፤ ኮምፒውተሩና መቅጃው ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ሆኑ።

የፍጥነት መፈተሻው የስትሮብ ወረቀት (ዙሪያው የተሰመረበት፣ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሩ ቆሞ የሚታይ) እዚህም ያታልላል። በ50 ኸርዝ መብራት ሥር በደቂቃ ለ33⅓ ዙር 180 መስመር ልክ ይመጣል። ለ45 ዙር የሚያስፈልገው 133⅓ መስመር ስለሆነ ወረቀቱ ላይ 133 ይታተማል፤ መስመሩ ቆሞ የሚታየው በ45.11 ዙር ላይ ነው። ትክክለኛው 45 ላይ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መንሸራተት አለበት። ቆሞ ካየነው 0.25 በመቶ ፈጥኗል። ብዙዎቹ የኤልኢዲ አምፖሎች ደግሞ ስለማይርገበገቡ መስመሩ ጭራሽ አይታይም። ወረቀቱ ተትቶ 3,150 ኸርዝ ቶን ያለበት የመፈተሻ ሸክላ ጥቅም ላይ ዋለ።

ቀጣዩ ችግር መሃሉ ነው። ትልቅ ቀዳዳ ያላቸው ነጠላዎች (38 ሚሊ ሜትር) በፕላስቲክ ማስገቢያ ይቀመጣሉ። ማስገቢያው በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፈቀቀ፣ ከመሃል 70 ሚሊ ሜትር ላይ ድምፁ በ0.7 በመቶ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል፣ በየ1.33 ሰከንዱ። ከበሮ ላይ አይሰማም። የኦርጋንና የቫይብራፎን ረጅም ኖታ ላይ ግን ያስቀይማል። መፍትሔው ማስገቢያውን መተውና ሸክላውን በእጅ እያስጠጉ የመርፌው ክንድ ግራና ቀኝ መወዛወዙን እስኪያቆም ማስተካከል ነው። ትንሽ ቀዳዳ ያላቸውና በፋብሪካ ከመሃል የሳቱ ሸክላዎች ይህን ዕድል አይሰጡም። ቀዳዳውን በፋይል ማስፋት የሚመክሩ አሉ፤ አልተደረገም። በመዝገቡ ላይ "ከመሃል የሳተ" ተብሎ ተጻፈና ታለፈ።

ሳምንት 4፦ መርፌ

ካርትሪጁ (መርፌውን የሚይዘው ክፍል) ኦዲዮ-ቴክኒካ ቪኤም95 ነው። የተመረጠው አካሉ ሳይነሳ መርፌው ብቻ ስለሚቀየር ነው፤ አንድ ጊዜ የተስተካከለ አቀማመጥ ሳይነካ ክቡን፣ ሞላላውንና ሺባታውን (የመርፌ ጫፍ ቅርጾች ናቸው) ማፈራረቅ ይቻላል። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበት ክብደት 2.0 ግራም ነው፣ በዲጂታል ሚዛን ይለካል፤ የክንዱ ላይ ቁጥር አይታመንም።

የእነዚህ ሸክላዎች መከራ በጊዜያቸው በከባድና ባለቀ መርፌ መጫወታቸው ነው። ቦዩ የተበላው የዚያ ዘመን መርፌ በነካው ከፍታ ላይ ነው። ቅርጹ የተለየ መርፌ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ያልተነካ ግድግዳ ሊያገኝ ይችላል። የትኛው እንደሚሻል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። የአሠራሩ ልክ ይህ ሆነ፦ ከገጹ መጨረሻ አካባቢ ጮክ ያለ 30 ሰከንድ ተመርጦ በሦስቱም መርፌ ይቀዳል፤ የድምፅ መጠናቸው እኩል ይደረጋል፤ የትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ይደመጣል። መጠኑ እኩል ካልተደረገ ጮክ ያለው ሁልጊዜ ያሸንፋል፣ ፈተናውም ከንቱ ነው።

ሺባታው ብዙ ጊዜ ከተበላው በታች ወርዶ ጥርት ያለ የነሐስ መሣሪያ ድምፅ ያመጣል። ነገር ግን የቦዩ ወለል በቆሻሻ ወይም በጭረት ከተጎዳ ያንን ሁሉ ያነባል፤ ክቡ እዚያ ያሸንፋል። ክቡ መርፌ ዋጋውም ከሺባታው በብዙ እጥፍ ስለሚያንስ፣ የቆሸሸና የተጠራጠሩትን ሸክላ መጀመሪያ በእሱ መሞከር ይሻላል።

ሞኖ ሸክላም ቢሆን የሚቀዳው በሁለት ቻናል ነው። ሞኖ ቦይ ድምፁን የሚይዘው በጎንዮሽ ንቅናቄ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለቱን ቻናል መደመር ወደ ላይና ወደ ታች የሚመጣውን ጫጫታ ያጠፋዋል። ግን ከመደመር በፊት እያንዳንዱ ለብቻው ይደመጥ። አንዱ ግድግዳ ከሌላው በጣም የተበላ ሲሆን፣ ደህናውን ቻናል ብቻ መውሰድ ከድምሩ ይሻላል። ከመነሻው በሞኖ የቀዳ ሰው ይህን ምርጫ ጥሎታል።

ሳምንት 5፦ ቀረጻ

ከፍተኛው ድምፅ ከዜሮ (መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ) በታች 6 ዴሲቤል ላይ ይሆናል። ከዚያ ከፍ ማድረግ አያስፈልግም፤ በ24 ቢት ከሸክላው ጫጫታ በታች ገና ብዙ ቦታ አለ፣ አንድ ጭረት ደግሞ ከሙዚቃው በጣም ከፍ ብሎ ሊዘል ይችላል። ጣሪያውን ነክቶ የተቆረጠ ጭረት በኋላ ለማጽዳት ከባድ ነው።

50 ኸርዝ እምምታ ከመጣ በቅድሚያ የላፕቶፑን ቻርጀር መንቀል ነው። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ከማጫወቻው የሚወጣው የመሬት ሽቦ ከፎኖ ማጉያው ጋር በደንብ መታሰሩ ይታያል። የካርትሪጁ የኤሌክትሪክ ጭነት 47 ኪሎኦም፣ ከ100 እስከ 200 ፒኮፋራድ። ኬብሉ ራሱ ካፓሲታንስ (በፒኮፋራድ የሚለካው) ስላለው ረጅም ኬብል ከተጠቀሙ የላይኛው ድምፅ ይሾላል፣ ሳክስፎኑ አፍንጫው የተያዘ ይመስላል።

ኤልፒ ሲመጣ ሌላ ነገር ይታያል። ወደ መሃል ሲጠጉ ቦዩ በመርፌው ሥር የሚያልፍበት ፍጥነት ይቀንሳል፦ ኤልፒ መጨረሻው ላይ በሰከንድ 21 ሴንቲ ሜትር፣ ነጠላ 45 ግን መጨረሻው ላይ 25 ገደማ። ስለዚህ የነጠላው መጨረሻ ከኤልፒው መጨረሻ ይሻላል፤ የኤልፒው የመጨረሻ ዘፈን ነሐስ የበዛበት ከሆነ መሻከሩ አይቀርም። የዘፈን ቅደም ተከተል የሚያወጣ ፕሮዲዩሰር ይህን ማሰብ አለበት፤ ለስላሳው ወደ መሃል የሚገፋው ለስሜት ብቻ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ዘፈኑ ከገጹ ስንተኛ እንደሆነ የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ሳምንት 6 እና 7፦ ጭረት ማንሳትና የድምፁ ከፍታ

ጥሬው ፋይል አይነካም። የሚጸዳው ቅጂው ነው።

ጭረት የሚያነሱ ፕሮግራሞች የሚፈልጉት ድንገት የሚነሳና የሚወድቅ ሞገድ ነው። የትራምፔትና የሳክስፎን ሞገድም እንደዚያው ስለታም ጫፍ አለው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ጭረት ነው ብሎ የነሐሱን ጫፍ ይከረክማል፣ የሚቀረው የታፈነና ወረቀት የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ነው። ይህ ሙዚቃ ግማሹ ነሐስ ስለሆነ አውቶማቲክ ማጽዳት እዚህ ከየትም በላይ አደገኛ ነው። መቆጣጠሪያው፦ ፕሮግራሙ ያወጣውን ብቻ ለይቶ ማድመጥ። እዚያ ውስጥ "ጢቅ ጢቅ" ብቻ ከተሰማ ደህና ነው፤ የዜማ ጥላ ከተሰማ ሙዚቃ እየተጣለ ነው፣ መጠኑ ይቀነስ። ፋይሉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማስኬድም ይረዳል፤ የመሣሪያ ድምፅ ድንገት ጀምሮ ቀስ ብሎ ስለሚጠፋ ሲገለበጥ መነሻው ዝግ ይላል፣ ፕሮግራሙም ከጭረት ጋር አያምታታውም። ትላልቆቹ ጭረቶች አንድ በአንድ በእጅ ተነሱ።

ሽሽታ ማጥፊያ አልተጠቀምንም። የቴፑ ሽሽታ የቀረጻው አካል ነው፤ ሲነሳ የሲምባሉ ጅራትና የክፍሉ አየር አብሮ ይሄዳል።

ከፍታው (ፒች) ሙግት ያለበት ነው። ብዙ ሰው ሁሉንም ወደ ላ 440 (ላ የሚባለው ኖታ 440 ኸርዝ ወደሚሆንበት መቃኛ) ያስተካክላል። ክራር ወይም ማሲንቆ ካለበት ይህ ስህተት ነው፤ የክራር መቃኛው የዘፋኙ ድምፅ ነው፣ 440 የሚባል ነገር አያውቅም። ማጣቀሻ የሚሆነው በፋብሪካ የተቃኘ መሣሪያ ነው። የሙላቱ አስታጥቄ ሥራዎች እዚህ ላይ ይጠቅማሉ፤ የቫይብራፎን ብረት በቀላሉ አይቃኝም፣ በአገር ውስጥ ሙቀት ለውጥም ብዙ አይነቃነቅም። ቫይብራፎኑ በ1 በመቶ (17 ሴንት) ዝቅ ካለ ቴፑ ወይም ህትመቱ ዘግይቷል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። ሆኖም የትኛው እንደዘገየ አይነግረንም። ሁለተኛው ምስክር በቀረጻው ውስጥ ያለ የመብራት እምምታ ነው። በጥሬው ፋይል ላይ ከሙዚቃው በፊት ባለው ባዶ ቦይ ያለውን እምምታና ከሙዚቃው ሥር ያለውን ማነጻጸር ነው፤ የመጀመሪያው የእኛ ነው፣ ሁለተኛው የዚያን ጊዜው። የዚያን ጊዜው 49.5 ላይ ከተገኘና ቫይብራፎኑም 1 በመቶ ከወረደ ሁለቱ ተስማሙ፤ ማስተካከያ ይደረጋል፣ መጠኑም በመዝገቡ ይጻፋል። ካልተስማሙ እንዳለ ይቀራል።

ሳምንት 8፦ መዝገብ

ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ይህ ሆነ።

በመጀመሪያ የፋይል ጣጣ። በብሮድካስት ዌቭ ፋይል (የድምፅ ፋይል ዓይነት) ራስጌ ውስጥ ያለው የመግለጫ ቦታ የሚቀበለው አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደልና ቁጥር ኮድ) ብቻ ስለሆነ የግዕዝ ፊደል እዚያ ሲጻፍ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ያም የሚታየው ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈት ነው። ስለዚህ በራስጌው ውስጥ መለያ ቁጥር ብቻ ተጻፈ፤ ሙሉው መረጃ በሲኤስቪ ሰንጠረዥ ሆነ። ለማድመጫ የሚሆነው የፍላክ ቅጂ (ሌላ የድምፅ ፋይል ዓይነት) ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የሁሉም ቋንቋ ፊደል ኮድ ስለሚቀበል አማርኛው እዚያ ገባ። ሲኤስቪውን በኤክሴል ለሚከፍት ሰው "ዩቲኤፍ-8 ከነቦም" ተብሎ ይቀመጥ፤ ካልሆነ ፊደሉ ሁሉ ዝብርቅርቅ ይላል፣ ያንኑ ዝብርቅርቅ ሴቭ ያደረገ ደግሞ መዝገቡን አጠፋው። ለእያንዳንዱ ፋይል ኤስኤችኤ-256 ቁጥር (ፋይሉ እንዳልተለወጠ ማረጋገጫ) ወጥቶ በሌላ ሃርድ ዲስክ ተቀመጠ።

የስም ዓምድ ሁለት ነው፦ አንዱ ሌብሉ ላይ እንደታተመው፣ ሌላው ለፍለጋ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እንዲሁም ሰ፣ ሠ በፍለጋው ዓምድ ወደ አንድ ይመለሳሉ፤ ካልሆነ አምሃ፣ አምሐና አምኃ ሦስት ሰው ይሆናሉ። ሌላው ወጥመድ በመጨረሻ ስም የሚደረድሩ ፕሮግራሞች ናቸው። አምሃ እሸቴንና አለማየሁ እሸቴን አንድ ቤተሰብ ያደርጓቸዋል፤ የአባት ስም መገጣጠም እንጂ ዝምድና የላቸውም።

ዓመተ ምህረቱ የበለጠ ያሳስታል። ሙላቱ ኒው ዮርክ ለወርዚ ሪከርድስ፣ በጊል ስናፐር ፕሮዲዩሰርነት የሠራቸው የመጀመሪያ ኤልፒዎቹ እ.ኤ.አ. 1966 ናቸው። ለአምሃ የሠራው፣ ሳክስፎኑን ፍቃደ አምደመስቀል የተጫወተበት "ኢትዮ ጃዝ" የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲሆን፣ "የካቲት" የሚል ዘፈን አለበት፤ ያ የካቲት በእኛው አቆጣጠር 1966 ነው። ዓምዱ "1966" ብቻ ከተባለ ሁለት ፕሮዲዩሰሮች፣ ሁለት ከተሞችና ስምንት ዓመት አንድ ላይ ይወድቃሉ። ስለዚህ የዓ.ም. እና የእ.ኤ.አ. ዓምዶች ተለያዩ፣ አንዱን ከሌላው በፎርሙላ ማስላትም ተከለከለ፤ ወሩ ካልታወቀ ልዩነቱ ሰባት ወይም ስምንት መሆኑ አይታወቅም።

ቀን የሌለው ሌብል በብዛት አለ። ድንበሩን ለማበጀት የአምሃ የሕይወት መስመር ይረዳል (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦ ሥራው ከ1969 በፊት አይሄድም፤ ከ1974ቱ ለውጥ በኋላ ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ሙዚቃ ሲገድለው፣ በ1975 ወደ አሜሪካ ሄዷል። በ1990ዎቹ ተመልሶ፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2021 አረፈ። ድንበሩ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ስብስቡ ውስጥ በስህተት የተቀላቀሉ የወጡት ሌብሉ ታይቶ ነው። የጌታቸው መኩሪያ የ1972 የሳክስፎን ኤልፒ የፊሊፕስ ነው። የማህሙድ አህመድ "ኧረ መላ መላ" ደግሞ የካይፋ ነው። የዘመኑ ሁሉ ሙዚቃ ለአንድ ሰው የሚሰጥበት ልማድ አለና ሌብሉ ሳይታይ ምንም አይመዘገብ።

አጃቢ ባንድ በግምት አይጻፍም። አንዳንዱ ሌብል አቀናባሪውን ይጠቅሳል፣ አንዳንዱ የዘፋኙን ስም ብቻ። "የግርማ በየነ ቅንብር ይመስላል" የሚባለው ሁሉ "ማስታወሻ" ዓምድ ውስጥ ይገባል እንጂ "አቀናባሪ" ውስጥ አይገባም።

የማትሪክስ ቁጥሩ የሚነበበው ክፍሉ ጨልሞ፣ የእጅ ባትሪ ከሸክላው ጎን በጣም ዝቅ ብሎ ሲበራ ነው። በእጅ የተጫረና በማህተም የተመታ ተለይቶ ይጻፋል፤ አንድ ዘፈን በሁለት ዓይነት ከተገኘ ድጋሚ ወይም ሌላ ፋብሪካ የታተመ ነው ማለት ነው። ሁለቱም ይቀዳሉ።

ሳምንት 9፦ ከድጋሚ ህትመቶች ጋር ማነጻጸር

የፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች (የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ድጋሚ ህትመቶች) ብዙዎቹን የአምሃ ሥራዎች ይዘዋል፤ 4ኛው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው፣ ሙሉ በሙሉ የሙላቱ ነው። ሸክላውና ሲዲው ጎን ለጎን ይደረጉና የመጀመሪያው ምት ይገጣጠማል። በአራተኛው ደቂቃ መጨረሻ 2.4 ሰከንድ ከተለያዩ የ1 በመቶ የፍጥነት ልዩነት አለ። የትኛው ልክ እንደሆነ ሲዲ ስለሆነ ብቻ አይፈረድም፤ የቫይብራፎኑና የእምምታው ፈተና እዚህም ይደገማል። ልዩነቱ ደረጃ በደረጃ ሳይሆን ድንገት ከመጣ ግን ፍጥነት አይደለም፣ አንዱ ላይ የተቆረጠ ነገር አለ።

ፋይሎቹ ለማንም አልተለቀቁም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የግጥምና ዜማ ደራሲው ካረፈ በኋላም መብቱ 50 ዓመት ይቆያል፤ ሸክላው በእጅ መኖሩ ፈቃድ አይሆንም። ለወራሾችና ለተመራማሪ የሚሰጠው በጽሑፍ ስምምነት ነው።

የቀረው፦ የተጣመሙት ክምር። ምድጃ አይገቡም፤ ቪኒል የሚለሰልስበትና ቦዩ የሚጠፋበት ሙቀት በጣም ተቀራራቢ ነው። በሁለት ወፍራም መስታወት መካከል፣ በላዩ ክብደት ተደርጎ፣ በክፍል ሙቀት ለሳምንታት ተቀምጠዋል። ጥቂት የተሻሉት በ2.2 ግራም ይሞከራሉ። መርፌው አሁንም ከዘለለ እንደገና ወደ መስታወቱ።